ስፖኪዮውን ሳታዩ አትፍረዱ

የ2026ቱ ፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር መክፈቻ እሑድ የካቲት 29 ሜልበርን ላይ ነው፤ በእኛ ሰዓት ጠዋት 1 ሰዓት። ቀኑ መጻጉዕ ነው። ባሕር ዳር በዚያ ሰዓት ግማሹ ቅዳሴ ላይ፣ ግማሹ እንቅልፍ ላይ ነው፤ ዲኤስቲቪ ቤቶቹም ገና ወንበር አልደረደሩም። በሳምንቱ፣ በደብረ ዘይት፣ ሻንጋይ ጠዋት 4 ሰዓት ስለሆነ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይደረስበታል። የአውሮፓዎቹ ሲመጡ አብዛኞቹ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ናቸው፤ የእሑድ ፕሪሚየር ሊግም ብዙ ጊዜ በዚያው ሰዓት ነው። ቤቱ ያለው ቴሌቪዥን አንድ ከሆነ ማን እንደሚያሸንፍ ከሽምብጥ እስከ አባይ ማዶ ያለ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለ ዳኞች ቅጣት የሚነሳው ክርክር ጣጣም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ውድድሩን ያላየ ሰው ማታ ቴሌግራም ላይ የ15 ሰከንድ ክሊፕ ያያል። ክሊፑ የሚጀምረው ከግጭቱ ሁለት ሰከንድ በፊት ነው። ጭስ፣ የተሰበረ ክንፍ፣ ከውድድር የወጣ መኪና፤ ከዚያ ፍርድ። ዳኞቹ ግን አብዛኛውን የሚፈርዱት ክሊፑ ከመጀመሩ በፊት ባለው ነገር ላይ ነው።

መጀመሪያ ማን ምን እንደሚያደርግ እንለይ። ስቲዋርድ የሚባሉት ዳኞች በአንድ ግራንድ ፕሪ አራት ናቸው፤ ከመካከላቸው ብዙ ጊዜ አንድ የቀድሞ አሽከርካሪ ይኖራል። የውድድር ዳይሬክተሩ ሌላ ሰው ነው። ሴፍቲ ካር (አደጋ ሲኖር ከፊት ሆኖ ሁሉንም በዝግታ የሚመራውን መኪና) የሚያስወጣው፣ የሚያስገባው፣ የተጠረጠረ ነገር ለዳኞቹ የሚመራው እሱ ነው፤ ቅጣት አይሰጥም። እንደ ፈረንጆቹ በ2021 አቡ ዳቢ ላይ በአሽከርካሪዎቹ በሃሚልተንና በቬርስታፐን መካከል የነበሩትን አምስት መኪኖች ብቻ ሴፍቲ ካሩን እንዲያልፉ ያደረገው ዳይሬክተሩ ማይክል ማሲ ነበር። ዳኞቹ የገቡበት በኋላ ነው፤ የሃሚልተንን ቡድን የመርሴዲስን አቤቱታ ውድቅ አደረጉ። እስከዛሬ ሁለቱን እያደባለቀ የሚጮህ አይጠፋም።

አሁን ወደ ስፖኪዮው። ከአደባባይ መግቢያ ላይ አንድ ባጃጅ በውስጥ በኩል አፍንጫውን ሲሰነቅር አስቡት። ሲነካካ የባጃጁ ሹፌር መከራከሪያ ሁሌም አንድ ነው፤ «እኔ ገብቻለሁ!» ፎርሙላ ዋን ላይም «ገብቻለሁ» ይባላል፤ ግን ልኬት አለው። የስፖርቱ የበላይ አካል ፊያ በሰኔ 2025 ለሕዝብ ይፋ ባደረገው የመንዳት መመሪያ፣ በውስጥ በኩል የሚደርብ መኪና ከኩርባው አፔክስ (መኪናው ወደ ውስጠኛው ጠርዝ በጣም ከሚጠጋበት ነጥብ) በፊትና አፔክሱ ላይ የፊት አክስሉ ቢያንስ ከሚደረበው መኪና ስፖኪዮ ጎን መድረስ አለበት። ይህ ብቻ አይበቃም። መኪናውን በቁጥጥር ሥር አድርጎ መግባት አለበት፤ ከሩቅ ዘሎ መወርወር አይቆጠርለትም። ኩርባውንም ከትራኩ ሳይወጣ መጨረስ አለበት። እነዚህን ካሟላ ቦታ ይገባዋል። በውጭ በኩል ለሚደርብ ደግሞ መስፈርቱ ይከብዳል፤ አፔክሱ ላይ የፊት አክስሉ ከሌላው የፊት አክስል መቅደም አለበት። ጎን ለጎን መሆን አያዋጣውም። ብዙ ሰው «እኩል ነበሩ እኮ!» ብሎ የሚናደደው ይህን ባለማወቅ ነው።

ስለዚህ ክሊፕ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ወደኋላ መልሱት፤ ካልተመለሰ ረዘም ያለውን ፈልጉ። መኪኖቹ ፍሬን የያዙበትን ቦታ አግኙ። ከዚያ በዝግታ ወደ ኩርባው እየወሰዳችሁ መሪው ወደ ውስጥ ሲዞር አቁሙት። የውስጠኛውን የፊት ጎማ መሃል እዩ፣ ከዚያ የሌላውን ስፖኪዮ እዩ። የሚቻል ከሆነ ከላይ በሄሊኮፕተር የተነሳውን ተጠቀሙ፤ ከፊት ያለው ካሜራ ርቀትን ስለሚያጥፍ ወደኋላ የቀረው መኪና የደረሰ ያስመስላል። ከሹፌሩ ራስ በላይ ያለው ካሜራ ደግሞ ጎማው መቆለፉን በደንብ ያሳያል።

በዚህ ዓይን የ2025ቱን ብራዚል እንየው። ከሴፍቲ ካር በኋላ ስድስተኛው ዙር ሲጀመር የማክላረኑ ፒያስትሪ በውስጥ፣ የመርሴዲሱ አንቶኔሊ መሃል፣ የፌራሪው ሌክሌር በውጭ ሆነው ወደ አንደኛው ኩርባ ገቡ። የፒያስትሪ ጎማ ተቆለፈ፣ አንቶኔሊን ነካው፣ አንቶኔሊ ሌክሌርን መታው፣ ሌክሌር ከውድድር ወጣ። ለፒያስትሪ 10 ሰከንድና ሁለት የቅጣት ነጥብ። ዳኞቹ ያሉት የፊት አክስሉ ስፖኪዮው ጋ አልደረሰም ነው፤ ጎማው የተቆለፈው ግጭቱን ለማስቀረት ፍጥነት ሲቀንስ ቢሆንም ማስቀረት አልቻለም ብለዋል። በመመሪያው ቃል ውሳኔው ልክ ነው። የሚያሳዝነው መመሪያው ራሱ ሁለት መኪና ብቻ አስቦ የተጻፈ መሆኑ ነው። አንቶኔሊ በውጭ ሌክሌር ስላለ ወደ ውስጥ ተጠግቷል፤ ፒያስትሪም ከውስጥ መስመር በቀር መሄጃ አልነበረውም። ሌክሌር ራሱ ጥፋቱ ሁሉ የፒያስትሪ አይደለም ብሏል። እኔ ብሆን 5 ሰከንድ እሰጥ ነበር፤ የግጭት መነሻ ቅጣት ግን 10 ነው።

እዚህ ላይ «የመጀመሪያ ዙር ምሕረት» የሚባለው ይነሳል። አንደኛው ዙር ላይ ዳኞቹ ላላ ይላሉ። ሜክሲኮ 2025 ላይ ቬርስታፐን በመጀመሪያዎቹ ኩርባዎች ከትራክ ወጥቶ ሣሩን አቋርጦ ተመለሰ፤ ቅጣት የለም። በስድስተኛው ዙር ሃሚልተን ወጥቶ ጥቅም ይዞ ተመለሰ፤ 10 ሰከንድ። የፌራሪ ደጋፊዎች እስከዛሬ አልተዋጠላቸውም፤ እኔም ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም። የብራዚሉ ግን ከሴፍቲ ካር በኋላ ቢሆንም ስድስተኛ ዙር ነው፤ ምሕረቱ እዚያ አይደርስም።

ከሁሉ የበለጠ ያነታረከው አቡ ዳቢ 2025 ነበር። የማክላረኑ ኖሪስ ቬርስታፐንን በ2 ነጥብ ቀድሞ፣ 423 ለ 421፣ ሻምፒዮን ሆነ። በውድድሩ መሃል የቬርስታፐንን የሬድቡል ቡድን ጓደኛ ሱኖዳን የደረበው አራቱም ጎማ ከነጩ መስመር ወጥቶ ነው። «ኖሪስ መቀጣት ነበረበት» ያለው ብዙ ነው። ዳኞቹ ግን ቅደም ተከተሉን ነው ያዩት፤ ሱኖዳ መከላከሉን ከአንድ ጊዜ በላይ አቅጣጫ እየቀየረ ሠራው፣ ኖሪስን ገፍቶ አስወጣው። ለመከላከል አቅጣጫ መቀየር የሚፈቀደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ተገፍቶ የወጣ ሰው ወጥቶ አለፈ ተብሎ አይቀጣም፤ 5 ሰከንዱ ለሱኖዳ ሆነ።

የቴክኒክ ጥፋት ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ክርክር የለም፣ ይቅርታም የለም፤ ሚዛንና መለኪያ ብቻ። ከመኪናው ሆድ ሥር ያለው ፕላንክ የሚባል ሰሌዳ አዲስ ሲሆን 10 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከውድድር በኋላ ከ9 በታች ከሆነ ውጤቱ ይሰረዛል። ላስ ቬጋስ 2025 ላይ የኖሪስ መኪና በሁለት ቦታ 8.88 እና 8.93 ተለካ። የጎደለው 0.12 ሚሊ ሜትር ከአንድ የፎቶኮፒ ወረቀት ውፍረት ብዙም አይበልጥም። የፒያስትሪም ከ9 በታች ሆነ፤ ሁለተኛና አራተኛ የወጡት ሁለቱም ተሰረዙ። ፊያ ራሱ ሆን ተብሎ አልተደረገም ብሏል። ለውጥ የለም። ለምን ይበላል ቢባል፣ መኪናው ወደ መሬት በወረደ ቁጥር ወለሉ የበለጠ ወደ ታች ስለሚስብ ሁሉም ቡድን ዝቅ ማድረግ ይፈልጋል። ቬጋስ ላይ ልምምዱ ተቆራርጧል፣ የደረጃ ማጣሪያው ዝናብ ነበር፤ ከማጣሪያው በኋላ ደግሞ የመኪናውን ከፍታ መንካት አይቻልም። በደረቅ አስፋልት፣ በሙሉ ነዳጅ ምን ያህል እንደሚዘል በደንብ ሳይለካ ተሰለፈ። ታንኳ ከጣና ወጥቶ ድንጋይ ላይ ሲጎተት ደንገሉ ከሆዱ እንደሚበላው ነው። ሻንጋይ 2025 ላይ ሌክሌር የተሰረዘው ለ1 ኪሎ ነው፤ 800 መሆን ሲገባው 799። አንድ ሊትር ሃይላንድ!

ውሳኔ ለማንበብ ዳታ ብዙ አይፈጅም፤ የዳኞቹ ወረቀት በፊያ ድረ ገጽ ላይ አንድ ወይም ሁለት ገጽ ፒዲኤፍ ሆኖ ይወጣል፣ መብራት በሌለበት ማታም በሞባይል ይከፈታል። አራት ነገር አለው፤ ምን ሆነ፣ የትኛው አንቀጽ ተጣሰ፣ ምን ተወሰነ፣ ለምን። ሰው ሁሉ ሦስተኛውን ብቻ አንብቦ ይዘጋዋል። ቁምነገሩ አራተኛው ላይ ነው። ለምሳሌ ሲልቨርስቶን 2025 ላይ ፒያስትሪ ከሴፍቲ ካር ጀርባ ፍሬን በመያዙ 10 ሰከንድ ሲቀጣ፣ ምክንያቱ ላይ የፍሬን ግፊቱ 59.2 ፒኤስአይ፣ ፍጥነቱም ከ218 ወደ 52 ኪሎ ሜትር በሰዓት መውረዱ ተጽፏል። ከሱ በፊት ሞንትሪያል ላይ ሬድቡል የመርሴዲሱን አሽከርካሪ ራስልን በተመሳሳይ ነገር ከሶ ተሸንፏል። «ለአንዱ ሕግ፣ ለሌላው ምሕረት» ከማለት በፊት ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ማድረግ ነው።

አሁን ዘንድሮ። ከላይ ያልኩት ሁሉ የኩርባ ሕግ ነው፤ የ2026 ጠብ ግን ወደ ቀጥታው መንገድ ይዛወራል ብዬ አስባለሁ። ምክንያቱ ባትሪ ነው። እስካለፈው ዓመት የኤሌክትሪክ ሞተሩ 120 ኪሎ ዋት ነበር፤ ዘንድሮ 350 ነው፣ ወደ 470 ፈረስ ጉልበት። የነዳጅ ሞተሩ ወደ 400 ኪሎ ዋት ወርዷል፣ ስለዚህ ጉልበቱ ግማሽ በግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ባትሪው ግን በአንድ ጊዜ ሊሰጥ የሚችለው 4 ሜጋ ጁል ነው። አካፍሉት፤ 4,000 ለ 350 ሲካፈል 11 ሰከንድ ከምናምን። ከአንድ ደቂቃ በላይ በሚፈጅ ዙር ውስጥ ሙሉ ጉልበት ሳይሞላ የሚቆየው ይህን ያህል ነው፤ የቀረው ፍሬን ላይና እግርን ከነዳጅ መስጫው በማንሳት እየተሞላ የሚገኝ ነው። ሹፌሩ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጦ ሳለ እንኳ ሲስተሙ ከሞተሩ ላይ ጉልበት ቀምቶ ባትሪ ሊሞላ ይችላል። ያኔ መኪናው ኩርባው ሳይደርስ፣ ፍሬን ሳይነካ ፍጥነቱ ይወርዳል።

በዚህ ላይ ዲአርኤስ፣ ማለት ለሚከተለው መኪና ብቻ የኋላ ክንፍ የሚከፍተው ዘዴ፣ ቀርቷል። ክንፎቹ ለሁሉም በቀጥታው መንገድ ይከፈታሉ። የመደረቢያው እርዳታ በባትሪ ሆኗል፤ ከፊት ያለው መኪና ከ290 ኪሎ ሜትር በሰዓት በኋላ የኤሌክትሪክ ጉልበቱ እየቀነሰ 355 ላይ ዜሮ ይገባል፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚከተለው ግን 350 ኪሎ ዋቱን እስከ 337 ድረስ ይዞ ይቆያል፣ 0.5 ሜጋ ጁልም ይጨመርለታል። እንግዲህ አንዱ ባትሪው ባዶ፣ ሌላው ሙሉ ሆነው ሲገናኙ የፍጥነት ልዩነቱ እስካሁን የለመድነው አይደለም።

ጠቡ የሚመጣው እዚህ ነው። ሕጉ ያለ ምክንያት በዝግታ ወይም አደገኛ በሆነ መንገድ መንዳትን ይከለክላል። ባትሪው ስላለቀ የቀዘቀዘ ሰው ያለ ምክንያት ቀዘቀዘ ይባላል? ከኋላ የመጣው ፍሬን ከሚያዝበት ቦታ 50 ሜትር ቀድሞ ቢገጨውስ? የስፖኪዮው ሕግ አይረዳም፤ አፔክስ የለም። ለመከላከል አቅጣጫ የሚቀየረው አንድ ጊዜ ነው የሚለው ግን የበለጠ ይከብዳል፤ በዚያ የፍጥነት ልዩነት ትንሽ ወደ ጎን መሳብ እንኳ የኋላውን መሄጃ ያሳጣዋል። እኔ ዳኛ ብሆን የመጀመሪያዎቹን ውድድሮች ዘግይቶ ለሚዞር እንጂ ለሚቀዘቅዝ ሰው ቅጣት አላበዛም። የቀዘቀዘበት ቦታ በቴሌሜትሪ ይታያል፤ ነዳጅ መስጫው ሙሉ ተረግጦ ከሆነ ሹፌሩ የሠራው ነገር የለም።

በነገራችን ላይ መኪኖቹ 22 ሆነዋል፤ ካዲላክ አስራ አንደኛ ቡድን ሆኖ ገብቷል። ማጣሪያው ላይ ከመጀመሪያው ዙርም ከሁለተኛውም ስድስት ስድስት ይወድቃሉ። ብዙ መኪና፣ ብዙ ወረቀት።

ሜልበርንን በድጋሚ ለምታዩ አንድ ነገር። ከኋላ ያለችውን ቀይ መብራት ልብ በሉ። ቀጥታው መንገድ ላይ፣ ገና ፍሬን ሳይያዝ ብልጭ ድርግም ካለች ያ መኪና ባትሪ እየሞላ ነው። ከኋላው የመጣው ቢመታው ማን ተጠያቂ እንደሆነ ከመጮህ በፊት፣ መብራቷ ስንት ሜትር ላይ እንደጀመረች ቁጠሩ።