ፒያሳ በጊዮርጊስ ዕለት

ከድሬዳዋ የተነሣሁት አክስቴን ልጠይቅ ነው። ስለ ባቡሩ ጉዞ ብዙ የምለው የለኝም፤ አዋሽን እንዳለፍን እንቅልፍ ጣለኝ። የድሮው ባቡር መንገደኛውን መሀል ከተማ፣ ለገሃር ከአንበሳው ሐውልት ፊት ነበር የሚያወርደው። አባቴ ከዚያ ወርዶ ሻንጣውን እንደያዘ በእግሩ ሽቅብ ፒያሳ ይገባ ነበር። አዲሱ ግን ከተማው ዳር፣ ፉሪ ለቡ ላይ ያራግፍሃል። እስከ ፒያሳ 1,500 ብር ያለኝን ሹፌር ተከራክሬ በ1,100 ሄድኩ፤ በማግስቱ የሰማ ሁሉ ተበላህ አለኝ። ብሩ ቆጨኝ፤ ጣቢያው ከሰው መራቁ ግን የባሰ ቆጨኝ። እኛ ድሬዎች በዚህ ነገር ሆደ ባሻ ነን። ከተማችን የተቆረቆረችው ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው ነው፤ ከዚራ የሚባለውን ሰፈራችንን የቀየሱትም የባቡሩ ሰዎች ናቸው። ቀጥ ያለ ጎዳና፣ ግራና ቀኝ ዛፍ፣ ሁሉም ነገር ለጣቢያው ቅርብ።

ሌሊቱ ክፉ ነበር። የያዝኩት ፔንሲዮን መስኮቱ የሚከፈተው ወደ ቁፋሮ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሥራው ቀንና ሌሊት አይቆምም፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ኤክስካቫተሩ ድንጋይ ሲጭን አልጋዬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወርጄ ለእንግዳ ተቀባዩ ብነግረው ልጁ እጅግ አፍሮ የራሱን ብርድ ልብስ ደርቦልኝ፣ ከጓሮ በኩል ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ከፈተልኝ። ጭማሪ አልጠየቀኝም። እዚያ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኛሁ።

ጠዋት ስወጣ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መንገዱ አስደሰተኝ። የማውቀው የፒያሳ እግረኛ መንገድ ጠባብ፣ የተሰባበረና ሰው ከሚኒባስ ጋር የሚጋፋበት ነበር። አሁን አራት ሰው ጎን ለጎን ይሄድበታል። ልጆች በብስክሌት መስመሩ ላይ ይበራሉ፤ አንዲት እናት ከዘራቸውን ይዘው፣ ጉድጓድ ሳይፈሩ፣ ቀስ እያሉ ሲሄዱ አየሁ። ለዓመታት በቆርቆሮ ታጥሮ የኖረው ቦታ ላይ በ2016 የካቲት የተመረቀው የዓድዋ መታሰቢያ ቆሟል። የተተከሉት ዛፎች ግን ገና ጥላ የላቸውም። የከዚራን ጥላ ለለመደ ሰው ይህ አያልፍም፤ ቀትር ላይ የምቆምበት አጥቼ ግድግዳ ተጠጋሁ።

ዶሮ ማነቂያን ግን አጣሁት። የአክስቴ ቤት ከዋናው መንገድ ታጥፎ፣ ሥጋ ቤቶቹን አልፎ፣ በቀጭን ቅያስ ቁልቁል ነበር፤ ልጅ ሆኜ ክረምቱን እዚያ ስከርም ዓይኔን ጨፍኜ እገባ ነበር። ቅያሱ የለም። በ2016 ፈርሷል። ይህን ቀድሞም አውቃለሁ፤ እግሬ ግን አላወቀም መሰለኝ፣ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ሰዓት የሚጠግን አንድ ጎልማሳ ግራ መጋባቴን አይቶ «የማንን ቤት ነው?» አለኝ። ስነግረው መሣሪያውን አስቀምጦ ተነሣና አጥሩ ጥግ ድረስ ወስዶ «ቧንቧው እዚህ ጋ ነበር፤ የእሳቸው በር ከዚያ ሦስተኛው» ብሎ በጣቱ አሳየኝ። ቀጠለና «ዛሬ እኮ 23 ነው። ጊዮርጊስ በር ላይ ታገኛቸዋለህ» አለኝ።

እውነትም አገኘኋቸው። ቅዳሴ ወጥቶ፣ አክስቴ ነጠላቸውን አጣፍተው አዲሱ የድንጋይ መቀመጫ ላይ ከስድስት ሴቶችና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል። አንገቴን አቅፈው ሳሙኝና «ይኸውልህ ሰፈራችን» አሉኝ፤ መቀመጫውን መታ መታ አድርገው። አንዷ አራብሳ ገብታለች፣ አንደኛው አቃቂ፣ ሌላዋ ልጇ ጋ ተጠግታለች። በወር አንዴ፣ በጊዮርጊስ፣ ይገናኛሉ። የእድሩ ደብተር አክስቴ ጉያ ውስጥ ነው። መዋጮ እዚያው ድንጋይ ላይ ይሰበሰባል።

«ቤቱስ እንዴት ነው፣ እትዬ?» አልኳቸው።

«ቤቱማ ጥሩ ነው። ለራሴ ሽንት ቤት አለኝ፤ ይህን ብክድ እግዜር ይታዘበኛል። ዶሮ ማነቂያ ለአሥራ አንድ ቤት አንድ ነበር። ግን ያን ቀን አመመኝና ማንን ልጥራ? በሩ ሁሉ ዝግ ነው። እዚያ ባስነጥስ እንኳ ‹ይማርሽ› የሚለኝ ከግድግዳው ማዶ ነበር።»

ያረጀውን ቤት ናፍቆት ብቻ አላየሁባቸውም። የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወደ መንግሥት ካዞረ ወዲህ የቀበሌ ቤት ኪራዩ ጥቂት ብር ሆኖ ኖረ፤ በዚያ ገንዘብ ጣሪያ አይታደስም፣ ተከራዩም የሰው ንብረት ላይ ብሩን አያፈስም። ጭቃው ረገፈ፣ ቆርቆሮው ዛገ። ያው ኪራይ ግን የቀን ሠራተኛዋንና የቢሮ ጸሐፊውን መሀል ከተማ ላይ ጎረቤት አድርጎ አኖረ። የፒያሳ ሀብት ይህ ቅርበት ነበር። ደግሞ አራዳ ሲነቀል የመጀመሪያው አይደለም፤ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ትልቁን ገበያ ጣሊያን ወደ አሁኑ መርካቶ አዛውሮታል። ያኔም ያዘዘው ጥቁሩን ከነጩ የሚለይ ፕላን ነበር፤ ያኔም ነዋሪውን የጠየቀ አልነበረም።

ከካዛንቺስ የተነሡ ብዙ ሰዎች ገላን ጉራ ላይ በአንድ ሰፈር ገብተዋል፤ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። እኔ የምለውም ይኸንኑ ነው፦ ሰው ሲነሣ እድሩ ሳይበተን አብሮ ይነሣ። የቤት ቁልፍ ከመታደሉ በፊት የእድሩ ደብተር ይገለጥ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚቀባበር፣ ማን የማንን ልጅ እንደሚጠብቅ እዚያ ተጽፏል። የደቻቱ ወንዝ እንኳ ከዚራንና መጋላን ለሁለት ከፍሎ ሳለ፣ ድሬ ውስጥ የትኛውም ለቅሶ ቤት በእግር ይደረሳል። አክስቴ ግን ለአንድ ቅዳሴ ሁለት ታክሲ ይቀያይራሉ፤ ከአራብሳ መገናኛ፣ ከመገናኛ ፒያሳ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥተው።

አሥር ሰዓት ሲሆን ደመና ከበደ። ሴቶቹ ተነሥተው ተሳሳሙ። አክስቴ ግን አልተንቀሳቀሱም፤ አንዲት ሴት አልመጣችም ነበር። ስልኳን ደጋግመው ደወሉ፣ አይነሣም። ደብተሩን ገልጠው ስሟ ላይ ጣታቸውን አኑረው «ትንሽ እንጠብቃት» አሉኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ካፊያው ሲጀምር ጃኬቴን ለሁለታችን ዘረጋሁት።