የከልፔፐር ምስማሮች

ለቅርስ ፍለጋው ብለን ከልፔፐር ማደር ባያስፈልገን ደስ ይለኝ ነበር። ከምኖርበት ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ መንገዱ ካልተዘጋ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ጋሼ ግን "ማልደን ካልገባን ዋጋ የለውም" አሉ፤ ስለዚህ አርብ ከሥራ እንደወጣን ነዳን። ጋሼ የምላቸው አብረውኝ የሚሠሩ አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን በቧንቧ ሥራ አሳልፈዋል። ቅዳሜና እሁዳቸውን ደግሞ የድሮ ቤት ፍራሽ ላይ ዲቴክተር፣ ከመሬት ሥር ያለ ብረታ ብረት የሚፈልግ መሣሪያ፣ ሲያወዛውዙ ነው የሚያሳልፉት። ጋሼ ስላቸው አቤት ይላሉ፣ ለምደውታል።

ስልኬ ላይ 69 ዶላር ይል የነበረው ክፍል እንግዳ መቀበያው ጋ ስደርስ ዘጠና ምናምን ሆነ። ታክሱን ይሁን ብዬ ዋጥኩት። ከሥር ግን "የካዝና" የሚል ክፍያ አለ። የምን ካዝና? ክፍልህ ውስጥ ያለው። ገብቼ ሳየው በሩ ተገንጥሏል፣ ውስጡ የሆነ ሰው የበላበትን የፒዛ ካርቶን አጣጥፎ ከቶበታል። ብሩ አንድ ዶላር ከሃምሳ ነው። እኔን ግን ሌሊቱን ሙሉ ያንገበገበኝ እሱ ነው። ማሞቂያው ደግሞ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል። ስታጠፋው ትንቀጠቀጣለህ፣ ስታበራው አትተኛም። ሀገር ቤት ክፍለ ሀገር ስወጣ ያደርኩባቸው አልጋ ቤቶች ትኋን አያጣቸውም፣ ዋጋው ግን አንዴ ከተነገረህ ተነገረህ ነው። ጋሼ በግድግዳው ማዶ ሲያንኮራፉ ይሰማኛል።

ሲነጋጋ እዚያው ከልፔፐር ውስጥ ያለችው ብራንዲ ስቴሽን ደረስን። ጁን 9 ቀን 1863 (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) እዚህ ሜዳ ላይ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ የሰሜንና የደቡብ ፈረሰኞች ቀኑን ሙሉ ተከታክተዋል። በአሜሪካ ምድር ከዚያ የሚበልጥ የፈረሰኛ ውጊያ አልተደረገም ይባላል። ለቅርስ ፈላጊዎች ግን ከውጊያው ይልቅ ቀጥሎ የመጣው ብርድ ይበልጣል። የሰሜኑ ጦር፣ መቶ ሺህ ገደማ ሰው፣ ከ1863 መጨረሻ እስከ 1864 ሜይ መጀመሪያ ድረስ በዚህ አውራጃ ሰፍሮ ነበር። ወታደሩ ጫካውን ጨፍጭፎ ጎጆ ሠራ። እንጨት ሲያልቅበት የሰው ቤትና አጥር አፈረሰ። መቶ ሺህ ሰው ለወራት ሲቀመጥ ቁልፍ ይበጠስበታል፣ ጥይት ይወድቅበታል፣ ማንኪያ ይጠፋበታል። ጋሼ ይህን ሲያወሩኝ እኔ ሌላ ነገር አስላ ነበር። በዚያው ብርድ፣ ጃንዋሪ 1864 ላይ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን በሰንሰለት አሰሩት። ጋሼ ካሜሮን ማን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ወሬው እስከ መቅደላ ወሰደንና የምንታጠፍበትን መንገድ አለፍነው።

የጦር ሜዳው ዋና ዋና ክፍል አሁን የግዛቱ ፓርክ ነው፣ በ2024 ተከፍቷል። እዚያ ቅርስ መቆፈር ክልክል ነው። በፌዴራል መሬት ላይ ደግሞ የ1979ኙ የቅርስ ጥበቃ ሕግ አለ፤ ያለ ፈቃድ ቆፍረህ ከተያዝክ እስር ቤት ድረስ ያስኬዳል። የግል መሬት ከሆነ ግን የባለቤቱ ፈቃድ ይበቃል። ይሄ ነገር እኔን እስካሁን ይገርመኛል። ሀገር ቤት የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ፣ ቁጥር 209/1992 (ይሄ ዓመት ግን የእኛ ነው)፣ የገዛ ጓሮህ ቢሆንም ያለ መንግሥት ፈቃድ ቅርስ እንድትፈልግ አይፈቅድልህም። ያው ሰው በድብቅ ይቆፍራል። ድሮ ሰው ጦር ሲመጣበት ጠገራ ብሩን በእንስራ ቀብሮ ይሸሻል፣ ለማንም ሳይናገር ይሞታል። አጎቴ "እዚህ ጋ ጠገራ አለ" ብሎ አንድ ደብተራ ነግሮት የጓሮውን ጌሾ ነቅሎ ቆፍሯል። ያገኘው ድንጋይ ነው። ጌሾውም አልበቀለለትም።

ጋሼ የፈቃዱን ወረቀት በላስቲክ ሸፍነው ኪሳቸው ይዘውታል። የመሬቱ ባለቤት ሰማንያ ያለፋቸው ነጭ ሴትዮ ናቸው። ሦስት መስመር በእጃቸው ጽፈው ፈርመዋል፤ ጉድጓድ ሞልታችሁ ሂዱ፣ የከብቶቹን በር ዝጉ፣ ያገኛችሁትን መጀመሪያ ለእኔ አሳዩኝ።

ቤቱ የለም። ከመንገዱ ስታየው የግጦሽ ሜዳ ነው። ጋሼ ግን በአበባው አወቁት። በማርች መጨረሻ ማንም ያልተከለው ቢጫ ዳፎዲል በተርታ ፈክቶ ካየህ አንዲት ሴት ደጇ ላይ ተክላው ነበር ማለት ነው። ቤቱ ተቃጥሎ፣ ልጆቹ ተበትነው፣ አበባው በየዓመቱ ይወጣል። ሌላው ምልክት መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ ቅጠሉ በብርድም የማይደርቅ፣ ወይን ጠጅ አበባ ያለው ሐረግ ነው። ከወንዙ ማዶ ዛፎቹ ሥር አንድ ሰፊ ምንጣፍ የሚያህል አየን። ጋሼ "ያ ደግሞ ሌላ ቤት ነው፣ ለሚቀጥለው" ብለው ስልካቸው ካርታ ላይ ምልክት አደረጉ።

እኔ እስከዚያ ቀን የማውቀው ዲቴክተር አዲስ አበባ ሕንፃ ስትገባ ዘበኛው ጎንና ጎንህን የሚያስነካህን ነው። ይሄኛው ረጅም ዘንግ ነው፣ ጫፉ ላይ ሰሃን የመሰለ ክብ አለው። ሲያገኝ በማዳመጫው ይጮኻል፣ ስክሪኑ ላይ ቁጥር ያወጣል። ብረት ከሆነ ያጉረመርማል፣ መዳብና ብር ከሆነ ይዘፍናል። ቢያንስ መጽሐፉ እንደዚያ ነው የሚለው። የከልፔፐር አፈር ግን ቀይ ነው፣ ብረት የበዛበት፣ መሣሪያ የሚያሳብድ። ምንም በሌለበት ይጮኻል። ጠልቆ የተቀበረ ጥሩ ጥይት ደግሞ "ዝገት ነኝ" ብሎ ይዋሻል። ጋሼ ራሳቸው የያዙት ቁጥር የማያወጣ፣ ዋጋው የእኔን መኪና የሚስተካከል ማሽን ነው። ድምፅ ብቻ ይሰጣል፣ እሳቸው ሁሉንም ይቆፍራሉ። "ቁጥር አትመን፣ ቆፍር" ይሉኛል።

ቆፈርኩ። ምስማር። ቆፈርኩ። ምስማር። የአደን ጥይት መዳብ ቂጥ። ምስማር። የኮካ ኮላ ቆርቆሮ፣ አንድ ክንድ ጥልቀት ላይ፣ እንዴት እንደገባ እግዚአብሔር ይወቀው። ለምስማር ብሎ ከሞቀ አልጋው የሚነሳ ሰው አለ እንዴ አልኩ። ካዝና ያለው አልጋ።

ጋሼ ግን አንዱን ምስማር ተቀበሉኝና በአውራ ጣታቸው ጭቃውን ጠረጉለት። አካሉ አራት ማዕዘን ነው፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፣ ራሱ ጠፍጣፋ። እንዲህ ያለው በማሽን ከብረት ሉህ እየተቆረጠ የሚሠራ ነው። የዛሬው ክብ የሽቦ ምስማር ገበያውን የያዘው በ1890ዎቹ ነው። እስከዚያ ሰዓት ያወጣነው ሁሉ አራት ማዕዘን ነበር፣ አንድም ክብ የለበትም። "ስለዚህ ይሄ ቤት ከዚያ በፊት ጠፍቷል" አሉ። ፊርማና ማኅተም ያለው ማስረጃ ያነበቡ ነው የሚመስሉት። ከዚያ በኋላ ምስማር ስጥል እንዲሁ ሳይሆን እያየሁት ሆነ። መበሳጨቴ ግን አልቀረም፣ ወገቤ ነው የሚናገረው።

ከረፋዱ በኋላ ከሣሩ ሥር የፈረስ ኮቴ በሚመስል ቅርጽ ቆርጬ ገለበጥኩት። ቀይ ጭቃው ውስጥ ነጭ ነገር አለ፣ አጥንት መስሎኝ ነበር። ያዝኩት፣ ከበደኝ። ሚኒዬ የሚሉት ጥይት ነው፣ እርሳስ፣ ከሥሩ ሦስት መስመር የተቆረጠለት፣ ቂጡ ክፍት። መቶ ስልሳ ዓመት መሬት ውስጥ ሲቀመጥ እርሳሱ ነጭ ይለብሳል። ያልተተኮሰ ነው፣ አፍንጫው ደህና ነው፤ የወደቀበት ሰው ምናልባት ሲጭን እጁ ደንዝዞ ይሆናል። ጮህኩ። ጋሼ ከሩቅ ባርኔጣቸውን አነሱልኝ። በዋጋ ስጠይቃቸው "ጥቂት ዶላር" አሉኝ። ጥቂት! የካዝናውን ክፍያ ግን ይሸፍናል።

ሌላ ነገር ያስጠነቀቁኝ አለ። ክብ፣ ከባድ ብረት ካጋጠመህ አትንካው። በ2008 በዚሁ ቨርጂኒያ፣ ቼስተርፊልድ ውስጥ፣ አንድ ሰብሳቢ የዚያን ዘመን የመድፍ ጥይት ሲያጸዳ ፈንድቶበት ሞቷል። ከዚያ በኋላ ዲቴክተሩ ጠንከር አድርጎ በጮኸ ቁጥር ልቤ ሁለቴ ነው የሚመታው።

ምሳ ሰዓት ላይ ሴትዮዋ በአሮጌ ፒክአፕ እያነዱ መጡ። በፎጣ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ፣ በውስጡ ጨው የበዛበት የአሳማ ሥጋ። እኔ ጾም ላይ ነኝ፣ ባልጾምም ያን አልበላም። እንዴት እንደምነግራቸው ጨንቆኝ ዳቦውን ብቻ ብለይ ቅር ይላቸው እንደሆነ ስጠይቅ ወደ መኪናው ተመልሰው የራሳቸውን ምሳ፣ ፖምና ኦቾሎኒ፣ ሰጡኝ። "የእኔ እናትም ትጾም ነበር" አሉ። ሌላ ምንም አላሉም፤ በእጃቸው ወደ ኋላ፣ ወደ ሌላ የድንጋይ ክምር አመለከቱን። አያታቸው "ወጥ ቤቱ" ይሉት የነበረ ቦታ ነው።

በዚያ ዘመን እዚህ አካባቢ ባለጠጋ ቤት ወጥ ቤቱ ለብቻ ነው የሚሠራው። የምታበስለው ሴት በባርነት የተያዘች ናት፣ ብዙ ጊዜም ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ታድራለች። በ1860 ከከልፔፐር ሕዝብ ከግማሽ በላዩ ባሪያ ነበር። ጋሼ እዚያ ክምር ጎን የቆፈሩት ትንሽ ነገር ነው፣ የትንሿን ጣቴን ጥፍር ሁለት እጥፍ ቢያህል። ውኃ አርከፈከፉበት። ብር ነው፣ አምስት ሳንቲም፣ ከ1873 ወዲህ የማይመታ ዓይነት። ከአናቱ ቀዳዳ አለው። በምስማር የተበሳ፣ ጠርዙ በክር ተበልቶ የለሰለሰ። ደቡብ ውስጥ ባሪያዎች የኖሩባቸው ቦታዎች ሲቆፈሩ እንዲህ ያለ የተበሳ ብር ይገኛል። በአንገት ወይም በቁርጭምጭሚት ይታሰራል፣ ለመከላከያ። የእኛም እናቶች ጠገራ በስተው አንገታቸው ላይ አስረዋል። ልይዘው ፈለግሁ። እውነቱን ልናገር፣ ልወስደው ፈለግሁ።

ማታ ላይ የተገኘውን ሁሉ የፒክአፑ ጀርባ ላይ ደረደርነው። የመሬቱ ባለቤት ሳንቲሙን አዩና ስልካቸውን አወጡ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስልሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው ጥቁር ሴት መጡ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። ቅድመ አያታቸው እዚህ ወጥ ቤት እንደሠሩ ቤተሰባቸው ያውቃል። ሳንቲሙን መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀና ብለው ለጋሼ "ለእኔ ማን ደወለ?" አሏቸው።

ጋሼ በላስቲክ የተሸፈነውን ወረቀት አወጡ። አስተማሪዋ አላነበቡትም። ወደ እኔ ዞሩ፤ "አንተስ ከየት ነህ?" ከኢትዮጵያ አልኳቸው። "እና አንተም ቆፋሪ ነህ?" መልስ አልነበረኝም። ጥይቴን ከኪሴ አውጥቼ ከሌላው ጋር አስቀመጥኩት። እሱን መልሰው ሰጡኝ፣ "የወታደር ነገር የእኔ አይደለም" ብለው። ሳንቲሙ ከእሳቸው ጋር ሄደ፤ የመሬቱ ባለቤትም ጋሼም ቃል አልተናገሩም።

ከመሄዳቸው በፊት ጋሼ ሊያስደስቷቸው ብለው ከወንዙ ማዶ ስላለው ሐረግ ነገሯቸው። በሚቀጥለው ስንመጣ እርስዎም ይምጡ፣ ሌላ ቤት አግኝተናል አሏቸው።

"እሱ ቤት አይደለም" አሉ አስተማሪዋ። "መቃብራችን ነው። ሐረጉን የተከሉት እነሱ ናቸው።"

ጋሼ ስልካቸውን አውጥተው ካርታው ላይ ያለውን ምልክት አጠፉ። እኔ ጉድጓዶቹ ሁሉ መሞላታቸውን አንዴ ዞሬ አየሁ፣ ከጉልበቴ ላይ መዥገር ነቀልኩ፣ የከብቶቹን በር ዘጋሁ። በመመለሻው መንገድ እስከ ዋረንተን ከተማ ድረስ ጋሼ ቃል አልወጣቸውም። ዋረንተን ስንደርስ ራበኝ አሉ።