የድሮ የአሜሪካ ቆጠራ ገጾችን ወደ ዘር ሐረግ ሶፍትዌር ማስገባት

የ1910 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ አንድ ገጽ 50 መስመር አለው፤ ለአንድ ሰው አንድ መስመር። ብዙ ሰው ይህን ገጽ ኢንተርኔት ላይ ሲያገኝ ስምና ዕድሜ ለቅሞ በቀጥታ ሶፍትዌሩ ውስጥ ይከታል። ሥራው በግማሽ ሰዓት ያልቃል። ከስድስት ወር በኋላ ግን ዛፉ ላይ «1876 ተወለደ» የሚል ቁጥር ይገኛል፤ ተጽፎ የተገኘ ይሁን ተሰልቶ የመጣ፣ ማን እንደተናገረው የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ወረቀቱ ያለውን በአንድ ቦታ፣ እናንተ የደረሳችሁበትን በሌላ ቦታ አስቀምጡ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ምክር ዝርዝር ነው።

በተለይ የሚጠቅመው የትዳር ጓደኛው ወገን አሜሪካዊ ለሆነ፣ ወይም ልጆቹ በአንድ በኩል አሜሪካዊ አያት ላሏቸው ነው። በእኛ ወገን ሰባት ቤት በቃል ይቆጠራል፤ በእነሱ ወገን በወረቀት። ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የፌዴራሉ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል፤ ስም ያለበት ቅጽ ለሕዝብ የሚከፈተው ግን 72 ዓመት ሲሞላው ነው። የ1950ው ኤፕሪል 1 ቀን 2022 ተከፍቷል፤ የ1960ው እስከ 2032 ይቆያል። ከ1790 እስከ 1840 ያሉት የአባወራውን ስም ብቻ ጽፈው ሌላውን በዕድሜ ክልልና በጾታ ቆጥረው ያልፋሉ፤ እነሱን ማስታወሻ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ነጻ የሆነ ሰው ሁሉ በስሙ መጻፍ የጀመረው በ1850 ነው። ሰውየው ለአባወራው ምኑ እንደሆነ የሚጠይቅ ዓምድ የመጣው ደግሞ በ1880። የ1890ው በጃንዋሪ 1921 ዋሽንግተን ላይ በደረሰ ቃጠሎና እሳቱን ለማጥፋት በፈሰሰው ውሃ ክፉኛ ተጎድቶ፣ የተረፈውም በኋላ በመንግሥት ተወግዶ፣ ከጥቂት ቁርጥራጭ በቀር የቀረ የለም። ስለዚህ ከ1880 እስከ 1900 ድረስ 20 ዓመት ባዶ ነው፤ በ1881 ተወልዶ በ1899 ትዳር ይዞ ከቤት የወጣ ልጅ በፌዴራል ቆጠራ ከወላጆቹ ጋር በአንድ ገጽ ላይታይ ይችላል። ገጽ ላይ አለመኖሩ አለመወለዱን አያሳይም።

ገጹን ለማግኘት የስም ማውጫው ይጠቅማል፤ ለመገልበጥ ግን ምስሉን ክፈቱ። በድሮ የእጅ ጽሑፍ ድርብ ኤስ ሲመጣ የመጀመሪያው ረዥም ሆኖ ስለሚጻፍ እንደ ኤፍ ይነበባል፤ ትልቁ ኤስና ትልቁ ኤል፣ ጄና አይ እርስ በርስ ይምታታሉ። የ1950ው የመጀመሪያ ማውጫ የተዘጋጀው የእጅ ጽሑፍ በሚያነብ ማሽን ስለሆነ እንግዳ እንግዳ ስሞች አሉበት። ከሁሉ የባሰው ግን ገጽ መሐል የሚቆረጥ ቤተሰብ ነው። አባትና እናት በሉህ «ኤ» የመጨረሻ መስመሮች ላይ፣ አራት ልጆች በጀርባው በሉህ «ቢ» መጀመሪያ ላይ ሲሆኑ፣ ማውጫው ልጆቹን ወላጅ እንደሌላቸው ሊያሳይ ይችላል። ቤተሰቡ የገጹ ጫፍ ላይ ከሆነ ሁልጊዜ የሚቀጥለውን ምስል ተመልከቱ። ቤቱ በመንገዱ ተራ ላይ ካልተገኘም ወደ ቆጠራ ክልሉ (አንድ ቆጣሪ የሚሸፍነው አካባቢ) መጨረሻ ሂዱ፦ ቆጣሪው ሲመጣ ቤት ያልነበሩ ሰዎች በ1940 ከሉህ 61 ጀምሮ፣ በ1950 ከሉህ 71 ጀምሮ ለብቻ ተጽፈዋል።

አሁን ሰንጠረዥ ክፈቱ። ከምስል በቀጥታ ወደ ሶፍትዌር መጻፍ ይቻላል፣ ግን ሶፍትዌሩ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ «የማን ልጅ?» ብሎ ውሳኔ ይጠይቃችኋል፤ ሰንጠረዥ አይጠይቅም። ዓምዶቹ እነዚህ ይሁኑ፦ የቆጠራው ዓመት፣ ስቴት፣ ካውንቲ፣ ከተማ ወይም ቀበሌ መሰል ክፍል፣ የቆጠራ ክልል ቁጥር (ከ1880 ወዲህ)፣ የሉህ ቁጥር ከነፊደሉ፣ መስመር፣ የመኖሪያ ቤት ተራ ቁጥር፣ የቤተሰብ ተራ ቁጥር፤ ከዚያ ስም፣ ዝምድና፣ ጾታ፣ ዘር፣ ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የትውልድ ቦታ፣ የአባትና የእናት የትውልድ ቦታ፣ ሥራ። ሁሉም ፊደል በፊደል፣ ስህተቱም ሳይቀር። በመጨረሻ «የእኔ ግምት» የሚል አንድ ዓምድ ጨምሩ፤ እርማት ሁሉ እዚያ ይሄዳል።

እዚህ ላይ የሚያበላሹ ትንንሽ ነገሮች አሉ። «ከላይ እንዳለው» የሚለውን የድግግሞሽ ምልክት እንዳለ አትገልብጡ፤ ሰንጠረዡን በስም ደርድራችሁ ስታዩት ምልክቱ የሚያመለክተው ሌላ ሰው ይሆናል። ቃሉን ሙሉ ጻፉትና በቅንፍ አድርጉት። ሁለተኛ፣ የሕፃን ዕድሜ በወር ሲጻፍ 3/12 ተብሎ ነው፤ ኤክሴል ይህን እንዳየ ወደ ቀን ይለውጠዋል፣ የሦስት ወር ሕፃን «ማርች 12» ይሆናል። መተየብ ከመጀመራችሁ በፊት ዓምዶቹን ሁሉ ምረጡና ዓይነታቸውን «ጽሑፍ» አድርጉ፤ በኋላ ብትቀይሩት የተለወጠው አይመለስም። ሦስተኛ፣ ኤክሴል ከ1900 በፊት ያለን ቀን እንደ ቀን አያውቀውም፣ ስለዚህ የቀን ስሌቱን በእሱ አትሞክሩት።

ዕድሜን ወደ ልደት ዓመት መለወጥ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። የተጠየቀው ዕድሜ ቆጣሪው በሩን ያንኳኳበት ቀን ዕድሜ ሳይሆን በሕግ የተወሰነው የቆጠራ ቀን ዕድሜ ነው። ከ1850 እስከ 1880 እንዲሁም በ1900 ቀኑ ጁን 1 ነው፤ በ1910 ኤፕሪል 15፣ በ1920 ጃንዋሪ 1፣ ከ1930 እስከ 1950 ኤፕሪል 1። በ1910 ዕድሜው 34 የተባለ ሰው የተወለደው ከኤፕሪል 16 ቀን 1875 እስከ ኤፕሪል 15 ቀን 1876 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። «1876» ብላችሁ ከጻፋችሁ አብዛኛውን ዕድል ጥላችሁታል። በ1920 ደግሞ ተራ መቀነስ ማለት ይቻላል ሁልጊዜ ያሳስታል፦ ከ1920 ላይ 34 ሲነሳ 1886 ይመጣል፣ ሰውየው ግን ጃንዋሪ 1 ካልተወለደ በስተቀር የ1885 ልጅ ነው። ሶፍትዌሩ ውስጥ «በ1875 እና በ1876 መካከል» ብላችሁ አስገቡ፤ ሁሉም ደህና ፕሮግራሞች የጊዜ ክልል ይቀበላሉ። የ1900ው የልደት ወርና ዓመት ስለሚጠይቅ ከሁሉ ይሻላል፤ ከዕድሜው ጋር ካልገጠመ ሁለቱንም ያዙ።

የ1910ን ገጽ ጠጋ ብለን እንየው። ባል 41፣ ሁለተኛ ጋብቻው መሆኑን የሚያሳይ ምልክት አለው። ሚስት 29፣ የመጀመሪያ ጋብቻዋ። አሁን ባለው ትዳር የቆዩበት ዘመን 6። እሷ የወለደቻቸው 3፣ በሕይወት ያሉ 3። ከሥራቸው አምስት ልጆች ተጽፈዋል፦ 13፣ 11፣ 5፣ 3 እና 1 ዓመት፤ ሁሉም «ወንድ ልጅ»፣ «ሴት ልጅ» ተብለው። ማውጫ ላይ ብቻ ያየ ሰው አምስቱንም ለዚህች ሴት ይሰጣታል። ግን የዝምድናው ዓምድ የሚናገረው ለአባወራው ምኑ እንደሆኑ ብቻ ነው። ሦስት ወልዳ ሦስቱ አሉ፣ ትዳሩ 6 ዓመቱ ነው፤ የ13ና የ11 ዓመቶቹ የቀድሞዋ ሚስት ልጆች ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ላይ ሁለት ቤተሰብ ይከፈታል፦ አንዱ አባትየው ከስሟ ካልታወቀች ሚስት ጋር ሁለት ልጆች ይዞ፣ ሌላው ከዚህችኛዋ ጋር ሦስት ልጆች ይዞ። የእናትን ቦታ ባዶ መተው ነውር የለውም። ጋብቻውም «በ1903 እና በ1904 መካከል» ይሆናል። ወለደች የተባለው 5፣ በሕይወት ያለው 3 ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሁለት የሞቱ ልጆችን መቃብር ወይም የሞት መዝገብ ትፈልጋላችሁ።

የዘር ምልክቱን እንደ ሰው ቋሚ መለያ አትያዙት። አንዱ ሰው በ1880 «ክልስ»፣ በ1900 «ጥቁር»፣ በ1920 እንደገና «ክልስ» ተብሎ ሊገኝ ይችላል፤ በ1900 ለቆጣሪዎች በተሰጠው መመሪያ ክልስ የሚል ምድብ አልነበረም፣ በ1930ም እንደገና ቀርቷል። የተለወጠው መመሪያው ነው። ምልክቱን ከዚያ ዓመት ቆጠራ ጋር ብቻ አያይዙት።

በባርነት የተያዙ ሰዎችን በሚመለከት የ1870ው ግድግዳ ነው፤ ከእሱ ወደ ኋላ በስም መፈለግ ይከብዳል። በ1850 እና በ1860 እነዚህ ሰዎች በተለየ ቅጽ፣ በባለቤቱ ስም ሥር፣ በዕድሜ፣ በጾታና በቀለም ብቻ ተዘርዝረዋል፤ ከጥቂቶች በቀር ስም የለም። «በ1870 የ30 ዓመት ስለሆነ በ1860 ያለው የ20 ዓመት ወንድ እሱ ነው» ብሎ ማያያዝ ዛፍን የሚያበላሽ ግምት ነው፤ ያንን ገጽ በማስታወሻ ያዙትና የኑዛዜ፣ የንብረት ክፍፍልና የባንክ መዝገብ እስኪደግፈው ቆዩ። የ1870ውም ቢሆን የዝምድና ዓምድ የለውም። አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴትና አራት ልጆች በአንድ ቤት ተጽፈው ስለተገኙ ወላጅና ልጅ ናቸው ማለት አይቻልም፤ የ1880ው ሲያረጋግጥ ያገናኟቸው።

ወደ ሶፍትዌሩ ስንመጣ፣ እዚህ የምንጠቀመው ግራምፕስን ነው፤ ነጻ ነው፣ የግዕዝ ፊደልም አያስቸግረውም። መጀመሪያ ምንጩን ፍጠሩ፦ ለአንድ ዓመትና ለአንድ ካውንቲ አንድ ምንጭ። ከሥሩ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ጥቅስ፤ የቆጠራ ክልሉ፣ ሉሁ፣ መስመሩና የቤተሰብ ተራ ቁጥሩ እዚያ ይገባሉ። ገጾቹ የተቀረጹበትን የማይክሮፊልም ቁጥርም ጨምሩ፤ የ1900ው ቲ623፣ የ1910ው ቲ624፣ የ1920ው ቲ625 እያለ እስከ 1940ው ቲ627 ይሄዳል። የድረ ገጽ ሊንክ ብቻውን አይበቃም፤ ሊንክ ይሞታል፣ የሉህ ቁጥር አይሞትም።

ከዚያ ለቤቱ አንድ የቆጠራ ሁነት (ግራምፕስ እንደ ልደት፣ ጋብቻና ቆጠራ ያለ ክስተትን የሚይዝበት መዝገብ) ፍጠሩና ለቤቱ ሰዎች ሁሉ ያንኑ አጋሩ፤ ለሰባት ሰው ሰባት ሁነት አትክፈቱ። የየሰው ዕድሜና ሥራ ሁነቱ ከሰውየው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ እንደ መገለጫ ይገባል። ፎርምስ የሚባለው ተጨማሪ ክፍል የአሜሪካን ቆጠራ ቅጾች ተዘጋጅተው ስለሚያቀርብ ይህን ሥራ ያቀለዋል። በ1940 ስማቸው አጠገብ ክብ ውስጥ ኤክስ ያለባቸው ለቆጣሪው መልስ የሰጡት ናቸው፤ ለእነሱ «መረጃ ሰጪ» የሚለውን ሚና ስጡ። አማች ስለ ባለቤቱ እናት የትውልድ ቦታ የተናገረው ከልጅቱ ቃል እኩል አይታመንም።

ቦታን በዘመኑ ስም አስገቡ። በ1860 ቨርጂኒያ የተባለ ካውንቲ ዛሬ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ዌስት ቨርጂኒያ ስቴት የሆነችው በ1863 ነው። ግራምፕስ አንድ ቦታ ከየትኛው ዓመት ጀምሮ በየትኛው ሥር እንደሆነ መመዝገብ ይችላል።

ሰዎቹ ብዙ ከሆኑ ሰንጠረዡን በሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ ተራ የጽሑፍ ፋይል) ማስገባት ይቻላል። ፋይሉ አራት ክፍል ሊኖረው ይችላል፦ ቦታዎች፣ ሰዎች፣ ጋብቻዎች፣ ልጆች፤ በመካከላቸው ባዶ መስመር፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ርዕስ። ርዕሶቹ ግራምፕስ መመሪያው ላይ እንዳስቀመጣቸው መሆን አለባቸው። የቆጠራ ሁነቱ በዚህ መንገድ ስለማይገባ እሱ በእጅ ይከተላል። ሰውየው አስቀድሞ ዛፉ ላይ ካለ የግራምፕስ መለያውን በማዕዘን ቅንፍ ጻፉት፤ ካልጻፋችሁ ሌላ አንድ ሰው ይፈጠራል፣ ማታ ቁጭ ብላችሁ መንታ ስትለቅሙ ታመሻላችሁ። ፋይሉን ስታስቀምጡ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ምረጡ፤ አለዚያ አማርኛው ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ደግሞም መጀመሪያ ባዶ ዛፍ ላይ አንድ ቤት ብቻ ሞክሩ።

የእኛ ወገን በዚያው ዛፍ ላይ ሲገባ ሁለት ነገር ይስተካከል። ግራምፕስ ለልጅ የአባቱን የቤተሰብ ስም ይገምታል፤ ለእኛ ይህ አያትን አባት ያደርጋል። ምርጫዎች ውስጥ ገብታችሁ ግምቱን አጥፉትና የአባትን ስም «ከአባት የመጣ» በሚለው ዓይነት አስገቡ። የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር በዝርዝሩ ስለሌለ የቀኑ ሳጥን ላይ የተለወጠውን፣ ማስታወሻ ላይ ሰውየው እንደተናገረው በዓ.ም. ጻፉ። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. የተካሄዱት የኢትዮጵያ ቆጠራዎች ያሳተሙት ድምር ቁጥር ስለሆነ በዚህ ዓይነት የሚገለበጥ ገጽ የላቸውም፤ በእኛ በኩል ምንጭ የሚሆነው የክርስትና ካርድ ወይም የተናገሩት ሽማግሌ ስምና የተነገረበት ቀን ነው።

ዛፉን ለዘመድ ለመላክ የሚወጣው ጌድኮም 5.5.1 (የዘር ሐረግ ፕሮግራሞች የሚለዋወጡት የፋይል ዓይነት) የጋራ ሁነት የሚባል ነገር አያውቅም፤ አንዱ ፕሮግራም ሁነቱን ለየሰው ያባዛዋል፣ ሌላው ይጥለዋል። የአንድ ቤት ብቻ አውጡና በተቀባዩ ፕሮግራም ከፍታችሁ የጎደለውን እዩ። ለራሳችሁ መጠባበቂያ ግን የግራምፕስን ጥቅል አውጡ፤ ግራምፕስ የምስሉን አድራሻ እንጂ ምስሉን ራሱን ስለማይዝ፣ ፎልደሩ ከተዛወረ ገጾቹ ሁሉ ይጠፋሉ፤ ጥቅሉ ምስሎቹንም ይዞ ይወጣል። የምስሉ ፋይል ስም ደግሞ በዓመት ይጀምር፣ ስቴት፣ ካውንቲ፣ የክልል ቁጥርና ሉህ ይከተሉት፤ ሲደረደሩ ራሳቸው በየዓመታቸው ይሰለፋሉ።