ጎበዟ ስትሄድበት ደስ የሚለው ምግብ ቤት

ሆቴል ማዕድ ቤት ውስጥ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። አንዷን ልጅ ሽንኩርት ከመላጥ ታስጀምሪያታለሽ። ቁሌት ታሳዪያታለሽ፤ ዘይት ሳይገባ ሽንኩርቱ በራሱ ውኃ እንዴት እንደሚቁላላ። ቀስ በቀስ እጇ ይፈታል። ወጡን ብቻዋን ማውጣት ስትጀምር ጎረቤት ያለው ሆቴል ትንሽ ጨምሮ ይወስዳታል። አዳማ ደግሞ ሆቴል በሆቴል ናት። ባለቤቱ ይናደዳል፣ እኔም እበግናለሁ፣ ከዚያ እንደገና ከሽንኩርት እንጀምራለን።

ጓደኛዬ ከመጠለያ ለሚወጡ ሴቶች ሥራ መልመጃ እንዲሆን ልትከፍት የምታስበው ምግብ ቤት ግን የተገላቢጦሽ ነው። ጎበዟ ጥላው ስትሄድ ነው ተሳካለት የሚባለው። ሰሞኑን ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ነው።

ጓደኛዬ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ናት። የምታገኛቸው ሴቶች ከባል ዱላ ያመለጡ፣ ከዐረብ አገር ባዶ እጃቸውን የተመለሱ፣ ልጅ ታቅፈው መግቢያ ያጡ ናቸው። መጠለያ አገራችን ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም። የቀድሞዋ ዳኛ ወ/ሮ ማሪያ ሙኒር የመሠረቱት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር በአዲስ አበባም እዚህ አዳማም ሲያስጠልል፣ የሕግና የሥነ ልቦና ድጋፍ ሲሰጥ፣ ሙያም ሲያስተምር ቆይቷል። ጓደኛዬን እንቅልፍ የሚነሳት ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ልጅቷ ሰርተፍኬቷን ይዛ ሆቴል በር ላይ ትቆማለች። የመጀመሪያው ጥያቄ «ልምድ አለሽ?» ነው።

እውነቱን ለመናገር እኔም የምጠይቀው እሱኑ ነው። የስድስት ተኩል የምሳ ጫና ሰርተፍኬት ላይ አይጻፍም። አስተናጋጁ በመስኮት እየጮኸ፣ እንጀራ እያለቀ፣ መብራት ሄዶ ምጣዱ ቀዝቅዞ እጅሽ ሳይንቀጠቀጥ መሥራት በክፍል ውስጥ አይገኝም። የሚከፍልና የሚያማርር ደንበኛ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ሐሳቧ የገባኝ። ትርፉ ለማንም ኪስ የማይሆን፣ ግን እውነተኛ ምግብ ቤት።

በሌላ አገር ተሞክሯል። አሜሪካ ናሽቪል ውስጥ ቤካ ስቲቨንስ የተባሉ ቄስ እንደ ፈረንጆቹ በ1997 ከሴተኛ አዳሪነት፣ ከሰው ንግድና ከሱስ ለወጡ ሴቶች ቤት ከፈቱ። ሴቶቹ ሁለት ዓመት ያለ ኪራይ ይኖራሉ። ቲስል ፋርምስ የሚባለው ድርጅታቸው መጀመሪያ ሻማና ቅባት አሠራቸው፤ በ2013 ደግሞ ካፌ ከፈተ። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ ማደሪያው ነው፤ ካፌው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ማደሪያ የሌላትን ሴት ጠዋት በሰዓቱ ግቢ ማለት ቀልድ ነው።

የእኛም ሕግ አይከለክልም። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ሲቪል ማኅበራት ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠሩ ይፈቅዳል፤ ገቢው ለአባላት አይከፋፈልም እንጂ። ስለዚህ ነገሩ ያለው ወጥ ቤቱ ውስጥ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ እኔና እሷ ተጨቃጭቀናል።

እሷ በሩ ላይ ትልቅ ማስታወቂያ መለጠፍ ትፈልጋለች። እነማን እንደሚሠሩበት፣ ከምን እንደወጡ። ለጋሾች እንዲህ ይወዳሉ አለችኝ። እኔ ግን እንቢ አልኩ። ደንበኛ ሽሮ እየጠቀለለ ያሳለፈችውን ፊቷ ላይ ሊያነብ መምጣት የለበትም። ደግሞስ ያ የሸሸችው ሰውዬ ራሱ እንደ ደንበኛ ገብቶ ቁጭ ቢልስ? ምግብ ቤት በሩ ክፍት ነው። አንድ ጎረምሳ ቲክቶክ ላይ የለቀቃት ቀን መደበቂያዋ አለቀ። እኔ ብሆን ያልተዘጋጀችውን ከወጥ ቤት አላወጣትም። ስልክ አውጥቶ መቅረጽም ክልክል ነው። እጁ የሚቀብጥ ደንበኛ ደግሞ ሂሳቡን ከፍሎ ይወጣል፤ ይኼ በየትኛውም ቤት መሆን ያለበት ነው፣ ግን እንዳለመታደል ሆኖ አይደለም።

ማታ አለመሥራትም ግድ ነው። ቁርስና ምሳ ብቻ። ልጆቿን ከመዋያ የምትወስድ ሴት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ባጃጅ ስትለምን ማደር የለባትም። ጓደኛዬ «ገቢው እኮ ማታ ነው» አለች። ለቢራ ቤት ልክ ናት። አዳማ ግን ሌላ ገቢ አላት፤ ስብሰባ። ከአዲስ አበባ በፈጣኑ መንገድ ወርዶ አዳራሽ ሞልቶ የሚውለው ሰው ስንት ነው! ስለ ሴቶች ኢኮኖሚያዊ አቅም ግንባታ የሚመክር ዐውደ ጥናት እኛ ሆቴል ስንቱን አስተናግጃለሁ። ባነሩ ያምራል። ሳንቡሳው ግን ከነጋዴ ነው የሚመጣው። ከእነዚህ ስብሰባዎች ጥቂቶቹ የሻይ ሰዓታቸውን ከዚህ ቤት ቢያዝዙ የወር ደመወዝ ይወጣል። ውሎ አበል የሚከፍል ድርጅት ለዳቦ ቆሎ አይሰስትም።

ጥራቱ ላይ ግን አልደራደርም። ሰው አንዴ አዝኖ ይበላል። ሁለተኛ የሚመጣው ቦዘና ሽሮው ከጣመው ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም ከመቂ በቅርብ ይገባልናል፣ ረቡዕና ዓርብ የጾም በያይነቱ ራሱ ቤት ይሞላል። ተለማማጅ ያሳረረችው ወጥ ግን ለደንበኛ አይወጣም። ይደፋል፣ ኪሳራውም ከምግቡ ሳይሆን ከሥልጠናው በጀት ይያዝ። ሳህን ይሰበራል፣ አንድ ሰው የሚሠራውን ሁለት ይሠሩታል። ይህን ያልቆጠረ እቅድ ስድስት ወር አይቆይም።

ጓደኛዬ ሁሉንም ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ ማስታወቂያውንም ትንሽ እናድርገው አለች። እኔ ጭራሽ ይቅር ነው የምለው። ቅዳሜ የምግብ ዝርዝሩን ዋጋ ልናወጣ ተቀጣጥረናል። እሷ ሽሮውን ከሰፈሩ ዋጋ በታች ልትሸጥ ነው ያሰበችው። እኔ እኩል ካልሆነ አልመጣም ብያታለሁ።