ፊፍቲን ነው ፊፍቲ?

አምስተኛ ሳምንቴ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ አልጋዬ ላይ ተጋድሜያለሁ፤ እንቅልፍ ግን የለም። የላይኛው ፎቅ ሰውዬ ወንበር ይጎትታል። ምን እንደሚሠራ እስካሁን አልገባኝም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይጀምራል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይጎትታል፣ ያርፋል፣ ያስላል፣ መልሶ ይጎትታል። ከታች ደግሞ ጥሩምባ።

ትንሽ ቦታ ላደገ ሰው ድምፅ ሁሉ ትርጉም አለው። ውሻ ከጮኸ ሰው መጥቷል ማለት ነው። መኪና ከተሰማ ቀና ብለህ ታያለህ። ከተማ የገባሁ ሰሞን ለጥሩምባው ሁሉ ዞር ስል አንገቴ ሊጣመም ነበር። ከኋላዬ አንዱ "ወንድም!" ካለ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። የሚጠራው ሌላ ሰው ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አይቶኝ ሳቀና "እዚህ በግማሽ ጆሮ ነው የሚኖረው፣ አለመስማት ልመድ" አለኝ።

ምክሩ ጥሩ ነበር። ችግሩ የምተዳደረው በጆሮዬ መሆኑ ነው።

የምሠራው የባሕር ዳርቻ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ነው። ቤተሰቦቼ "ልጃችን መርከበኛ ሆነ" እያሉ ያወራሉ። ማረም ሰልችቶኝ ትቼዋለሁ። መርከብ የለኝም። ያለኝ ወንበር፣ ስክሪን፣ ስልክ፣ ማይክና ሃያ አራት ሰዓት የማይዘጋ ቻናል 16 ነው። ባሕር ላይ የተቸገረ ሰው በድምፁ የሚጣራው በዚህ ቻናል ነው። በቻናል 70 በኩልም ዲጂታል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ባሕር ላይ አንድ ሰው የሬዲዮውን ቀይ ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ከያዘ እዚህ ማሽኑ ይጮኻል። እሱስ ቀላል ነው፤ ማሽን ሲጮኽ ማንም ይሰማል። የሰው ድምፅ ነው የሚከብደው።

ምክንያቱም ቻናል 16 ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው እርባና የሌለው ነገር ነው። ሽሽ የሚል ባዶ ድምፅ። የተቆራረጠ "ሬዲዮ ቼክ"። አለቦታቸው ወሬ የጀመሩ ሁለት ካፒቴኖች፤ እነሱን ወደ ሌላ ቻናል እንልካቸዋለን። ባለፈው ሳምንት አንዱ የመናገሪያው ቁልፍ እንደተጫነ ቀርቶበት ሃያ ደቂቃ ሙሉ ዘፈነልን። ድምፁ አይከፋም። ግን ቁልፉ ተጭኖ እስካለ ድረስ የእሱ ሬዲዮ የሌላ ሰው ድምፅ አይቀበልም፤ ስለዚህ ዝም በል ልንለው አንችልም። እሱ ሲዘፍን በአካባቢው ሌላ ሰው ቢሰምጥ እንኳ ድምፁ ላይደርሰን ይችላል። እየሳቅን ነበር፣ ግን ማናችንም ከወንበራችን አልተነሳንም።

እንግዲህ የትናንትናው ሌሊት። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። "ፓን ፓን፣ ፓን ፓን፣ ፓን ፓን" የሚል ድምፅ መጣ። ፓን ፓን አስቸኳይ ጥሪ ነው፤ ነፍስ አደጋ ላይ ስትሆን ከሚጠራው ከሜይዴይ ግን አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል። ሁለቱም ሥራቸው ፈረንሳይኛ ነው፦ ሜይዴይ "እርዱኝ" ከሚለው፣ ፓን ደግሞ "ብልሽት" ከሚለው ቃል የመጡ ናቸው። ሰውየው አልዋሸም፤ የትንሿ ጀልባው ሞተር ሞቷል፣ ንፋሱ እየገፋው ነው። ኬክሮሱን ነገረኝ፤ ዲግሪውን፣ ከዚያ ደቂቃውን። "ፊፍቲ" ብዬ ጻፍኩ። ኬንትሮሱንም ጻፍኩ። እጄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፣ በራሴ ኮርቻለሁ።

አለቃዬ ከጎኔ ናቸው። ወረቀቴን አንዴ አዩና ማይኩን ተቀበሉኝ። ቦታውን ቁጥር በቁጥር እንዲደግም ጠየቁት። "ዋን፣ ፋይቭ" አለ። ፊፍቲን ነበር።

አሥራ አምስትና ሃምሳ። ልዩነታቸው ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው። የኬክሮስ አንድ ደቂቃ አንድ የባሕር ማይል ያህል ነው፣ ማለትም 1,852 ሜትር። አባዛሁት፤ ባላባዛው ይሻለኝ ነበር። ወደ 65 ኪሎ ሜትር። ጎታች ጀልባዋን በጨለማ 65 ኪሎ ሜትር አሳስቼ ልልካት ነበር። ቁጥር ሁሉ አንድ በአንድ ይጠራ የሚለው ደንብ ሥልጠና ላይ የልጅ ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

ጀልባዋ ተጎትታ ከገባች በኋላ "እርስዎ እንዴት ሰሙት?" አልኳቸው።

"እኔም ፊፍቲ ነው የሰማሁት፣ ልጄ" አሉኝ። "ግን እዚያ ሆኖ ቢጣራ ኖሮ አንሰማውም ነበር።"

ገባኝ። የእኛ ሬዲዮ የምድርን ጉብታ አልፎ ብዙ አይሄድም፤ ከትንሽ ጀልባ፣ ያውም ከዝቅተኛ አንቴና ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። እኔ የጻፍኩት ቦታ ከዚያ ክልል ውጪ ነው። እሳቸው ያን ሁሉ ድምፁ ሳያልቅ አስበውታል። እኔ ሰምቼ ጻፍኩ፣ በቃ።

ጣቢያው ግድግዳ ላይ የቆመ አሮጌ ሰዓት አለ። ጌጥ ይመስለኝ ነበር። ፊቱ ላይ ሁለት ቀይና ሁለት አረንጓዴ ቀጫጭን ክፍሎች ተቀብተዋል፤ እያንዳንዳቸው የሦስት ደቂቃ ስፋት አላቸው። ሊነጋጋ ሲል አለቃዬ አስረዱኝ። ቀዮቹ ከ15 እስከ 18 እና ከ45 እስከ 48 ደቂቃ ለሞርስ፣ ማለትም በነጥብና በሰረዝ ለሚላክ መልእክት ናቸው። አረንጓዴዎቹ በሰዓቱ መጀመሪያና በግማሹ ላይ ለድምፅ ሬዲዮ። በእነዚያ ደቂቃዎች ሁሉም ጣቢያ፣ ሁሉም መርከብ በጥሪው ሞገድ ላይ ዝም ይል ነበር። ምናልባት ድምፁ የደከመ ሰው ካለ ይሰማ ብለው። በፈረንጆቹ 1999 አዲሱ የባሕር አደጋ ጥሪ ሥርዓት ሙሉ በሙሉ ሲጀምር ዝምታው ቀረ። ማሽን ያዳምጣል ተባለ።

እኔ የታይታኒክን ታሪክ በበረዶው ነው የማውቀው። አለቃዬ ግን የሚያወሩት ስለ ሬዲዮው ነው። በፈረንጆቹ 1912 በዚያች ሌሊት ካሊፎርኒያን የምትባል መርከብ ቅርብ ነበረች። ያላት የሬዲዮ ሠራተኛ አንድ ብቻ ነው፤ ሥራውን ጨርሶ፣ ሬዲዮውን ዘግቶ ተኝቷል። ርቃ የነበረችው የካርፓቲያ ሠራተኛ ደግሞ ሊተኛ እየተዘጋጀ ገና ማዳመጫውን ስላላወለቀ ሰማ። የእኔ የሌሊት ፈረቃ የዚያ የካሊፎርኒያን ሠራተኛ እንቅልፍ ዕዳ ነው ማለት ነው። ይሄን እያሰብኩ ነው ቤት የገባሁት። እና አሁን ወንበሩ ይጎተታል።

*

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ከላይ ያለውን ጽፌ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ድንገት ባነንኩ። ምን እንደቀሰቀሰኝ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ። መኪናው እንዳለ ነው። ሊፍቱ እንዳለ ነው። ከላይ ግን ምንም የለም። ወንበሩ ቆሟል። ሳሉም የለም።

ጣሪያውን እያየሁ ጠበቅኩ። ሰዓቴን አየሁ፤ ሦስት ደቂቃ። ነጠላ ጫማዬን አድርጌ ደረጃውን ወጣሁና አንኳኳሁ።

ቆይቶ ተከፈተ። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። አንድ እግራቸው በጄሶ ታስሯል። ሁለት እጃቸውን የወንበሩ መደገፊያ ላይ ጥለው ቆመዋል፤ ለካ ክራንቻቸው እሱ ነው። ዓይናቸው ላይ እንቅልፍ አለ።

"ረበሽኩህ፣ አይደል?" አሉኝ።

"ኧረ የለም" አልኩ። "ሲቆም ነው የነቃሁት።"