የማይነበቡትን የእንግሊዝኛ ፊደላት ከየት እንደመጡ እያየሁ ስፔሊንግ እንዴት እንደያዝኩ

እንግሊዝኛ ስንማር የማይነበብ ፊደል ሲያጋጥመን "ድሮ ይነበብ ነበር" ተብለን ነው የምንታለፈው፣ ለእነ ናይፍ (knife) ይሰራል፣ መጀመሪያው ላይ ያለችው ኬ የምር ትነበብ ነበር። ለሁሉም ግን አይሰራም። እኔ ስፔሊንግ በጭፍን መሸምደድ ሲሰለቸኝ የሚያስቸግሩኝን ቃላት ሰብስቤ የቃል አመጣጥ የሚያሳይ ዲክሽነሪ ላይ የድሮ አጻጻፋቸውን አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ፣ ፊደሏ ጥንትም ካለች እሺ፣ ከሌለች ግን "ትክክለኛው እንዲህ ነው" ያለ ሰው ኋላ ላይ ሰንቅሯታል ማለት ነው።

ዴትን (debt) እዩት፣ ዕዳ ማለት ነው። ከፈረንሳይኛ ሲገባ ቢ የምትባል ነገር አልነበረችውም፣ ላቲን የጠገቡ ሰዎች ናቸው ዴቢቱም ከሚለው ነው የመጣው ብለው የጨመሩባት። ዳውት (doubt፣ ጥርጣሬ) ላይ ያለችውም እንደዛው ነች። ፈረንሳዮቹ ራሳቸው ግን እስከዛሬ ሁለቱንም ያለ ቢ ነው የሚጽፉት።

እሱስ ይሁን፣ ዘሩ ቢያንስ እውነትም ላቲን ነው። የባሰው አይላንድ (island፣ ደሴት) ነው። ቃሉ የእንግሊዞቹ የራሳቸው ነው፣ ድሮ ያለ ኤስ ነበር የሚጻፈው፣ ግን አይል (isle) የሚባል እሱም ደሴት ማለት የሆነ ሌላ ቃል አለ፣ እሱ በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲኑ ኢንሱላ ስለመጣ ኤስ ይገባዋል፣ ሰዎቹ ታዲያ ሁለቱ ዘመድ መስለዋቸው የአንዱን ኤስ ለሌላው ሰጡት። ታርሚጋን (ptarmigan) የምትባለው ወፍም ስሟ ከስኮትላንድ ጌሊክ ነው የመጣው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግሪክኛ መስሏቸው ፊቷ ላይ ፒ ለጠፉባት፣ ፕቴሮን በግሪክኛ ክንፍ ነዋ፣ ወፍ ደግሞ ክንፍ አላት፣ አለቀ!

ኩድ (could) ላይ ላቲን አዋቂም አላስፈለገም። ዉድ (would) እና ሹድ (should) ኤል ያላቸው ዊል እና ሻል ላይ ስላለ ነው፣ የኩድ መነሻ ግን ካን ነው፣ ካን ውስጥ ኤል የታለ? ሁለቱን አይቶ ተመሳሰለ በቃ።

ከሁሉም የገረመኝ ፎልት (fault፣ ጥፋት) ነው። ኤሏ በላቲን ሰበብ የገባች ነች፣ መጀመሪያ ዝም ተብላ ነበር የምትታለፈው፣ ኋላ ሰው የተጻፈውን እያየ መጥራት ጀመረ፣ ዛሬ ሁሉም ይጠራታል። "ድሮ ይነበብ ነበር" የሚለው እዚህ ጋ ጭራሽ ተገልብጧል።

ለጥናት የጠቀመኝ ምን መሰላችሁ፣ ላቲን ዘመድ ያላቸውን ከዘመዳቸው ጋር አጣምሬ መያዝ ነው፣ ዴትን ከዴቢት፣ ዳውትን ከዱቢየስ (dubious፣ አጠራጣሪ)፣ ሪሲትን (receipt፣ ደረሰኝ) ከሪሴፕሽን (reception)፣ ዘመዱ ላይ ፊደሏ ስለምትሰማ አትረሳም። እነ አይላንድን እና ኩድን ግን ከመሸምደድ ሌላ መላ አላገኘሁም። ዘዴው ደግሞ ሁሌ አይታመንም፣ ዲሴፕሽን (deception) ላይ ፒ ስለሰማችሁ ዲሲት (deceit፣ ማታለል) ላይ እንዳትጨምሩ፣ ሪሲት ፒ ሲደረግለት ወንድሞቹ ዲሲት እና ኮንሲት (conceit፣ ትዕቢት) ሳይደረግላቸው ቀርቷል፣ ያስተካከሉት ሰዎች እንኳን እስከመጨረሻው አልሄዱበትም።