በቨርጂኒያ የነበረው «የኢትዮጵያ ክፍለ ጦር»

«ቲቸር፣ አሜሪካ ነፃ ስትወጣ የእኛ ወታደሮች እዚያ ነበሩ እንዴ?»

የጠየቀኝ ከአልዩ አምባ በኩል መጥቶ ጎረቤላ ቤት ተከራይቶ የሚማር የ11ኛ ክፍል ልጅ ነው። ሰኞ ሰኞ ማለዳ ስንቁን በማዳበሪያ አዝሎ የአንኮበርን ዳገት ሲወጣ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ስልኩን ዘረጋልኝ። መስታወቱ መሃል ለመሃል ተሰንጥቋል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል። ሎርድ ደንሞር፣ 1775፣ የኢትዮጵያ ክፍለ ጦር።

ታሪክ ማስተማር ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል። ይህን ስም ግን ሰምቼው አላውቅም ነበር። «ነገ እነግርሃለሁ» አልኩት። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ማታ ማታ መብራት ሲኖር በስልኬ፣ ደብረ ብርሃን በወረድኩ ጊዜ ደግሞ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ አነበብኩ። ያገኘሁትን ለእሱ ብቻ ነግሬ ዝም ማለት ስላልሆነልኝ እዚህም እጽፈዋለሁ። (የአሜሪካኖቹን ዓመታት በእነሱ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።)

እስከዚያ ድረስ የአሜሪካን አብዮት የማስተምረው እንደ ግብር ታሪክ ነበር። እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር ሰባት ዓመት ተዋግታ በ1763 አሸነፈች፤ ዕዳዋ ግን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ቀረው። ዕዳውን ለመክፈል ባሕር ማዶ ያሉትን ተገዢዎቿን ማስገበር ጀመረች። በ1765 በጋዜጣው፣ በውሉ፣ በዲፕሎማው፣ በመጫወቻ ካርታው ሳይቀር የቴምብር ቀረጥ ጣለችባቸው። «ሎንዶን ባለው ምክር ቤት እንደራሴ የለንም፤ እንደራሴ ሳይኖረን ማን ያስገብረናል?» አሉ። በ1770 ቦስተን ላይ ወታደሮች ተኩሰው አምስት ሰው ሞተ። በ1773 ዲሴምበር 342 ሣጥን ሻይ ባሕር ውስጥ ተጣለ። እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ «ሻዩ ተወዶባቸው ነው» ይላሉ። እንዲያውም ረክሶ ነበር። ያስቆጣቸው ቀረጡ ከነሥልጣኑ በላዩ መኖሩ ነው። አያቶቻቸው ኬላ ላይ ስለመቆም ሲያወሩ ሰምተው ያደጉ ልጆች ናቸውና ይህን ለማስረዳት ብዙ አልደክምም። ከዚያ 1775 የሌክሲንግተን ውጊያ፣ 1776 የነፃነት መግለጫ፤ ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ ፈተና፣ አለቀ። ልጁ ያመጣው ጥያቄ ያለው እኔ ዘልዬው ባለፍኩት ቦታ ነው።

ያን ጊዜ አሥራ ሦስቱ ቅኝ ግዛቶች ውስጥ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ነበር። ከአምስት አንዱ ጥቁር ነው፤ አብዛኛውም ባሪያ። በቨርጂኒያ ደግሞ ከአምስት ሁለት ይሆናሉ፤ ትምባሆውን የሚያለሙት እነሱ ናቸው። የቨርጂኒያ አገረ ገዥ ጆን መሪ ወይም ሎርድ ደንሞር ይባላል፤ የስኮትላንድ መኳንንት ነው። በ1775 ሕዝቡ ሲያምፅበት ቤተ መንግሥቱን ጥሎ መርከብ ላይ ወጣ። ወታደሩ ጥቂት ነው፤ ከየት ያምጣ? ኖቬምበር 7 ቀን ከመርከቡ ላይ ሆኖ አዋጅ ፈረመ። መሣሪያ መያዝ የሚችልና ከንጉሡ ጦር ጋር የሚሰለፍ የአማፅያን ባሪያ ሁሉ ነፃ ነው የሚል።

«የአማፅያን» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ለንጉሡ ታማኝ የሆነ ሰው ባሪያ ነፃ አይወጣም። ደንሞር ራሱ ባሮች ነበሩት፤ እነሱንም ነፃ አላወጣም። አዋጁን ያወጣው አዝኖላቸው አይደለም፤ ጠላቱን ሊጎዳ ነው። ይህን ለተማሪዎቼም ሳልሸፍን ነግሬያቸዋለሁ።

ሰዎቹ ግን መጡ። በሌሊት፣ በታንኳ፣ በወንዝ በወንዙ። የተጠሩት መሣሪያ የሚይዙት ብቻ ሲሆኑ፣ ልጆቻቸውን የታቀፉ እናቶችም መጡ። ከወንዶቹ 800 ያህሉ ተመለመሉና ደንሞር «የኢትዮጵያ ክፍለ ጦር» ብሎ ሰየማቸው። በልብሳቸው ላይ «ነፃነት ለባሮች» የሚል ተጽፎ እንደነበር የጊዜው የቨርጂኒያ ጋዜጣ አውጥቷል። በተቃራኒው ወገን ደግሞ ከኩልፔፐር የመጡ ዘማቾች ነበሩ፤ በእነሱ ሸሚዝ ላይ ያለው ጽሑፍ «ነፃነት ወይም ሞት» ነው። ዲሴምበር 9 ቀን 1775 ግሬት ብሪጅ በሚባል ረግረጋማ ቦታ ጦሮቹ ተገናኙ። ሁለቱም ወገን ነፃነት የሚለውን ቃል ደረቱ ላይ ለብሶታል። ይህን ያነበብኩ ማታ ስልኬን አስቀምጬ ለብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ውጊያው ረጅም አልነበረም። የእንግሊዝ ወታደሮች በጠባቡ መሻገሪያ ሲመጡ እንደ ቅጠል ረገፉ። ከአማፅያኑ የቆሰለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አውራ ጣቱን። ከአማፅያኑ ዘቦች መካከል የጥበቃ ቦታውን ሳይለቅ እየተኮሰ በመጨረሻ ያፈገፈገው ደግሞ ዊልያም ፍሎራ የሚባል ጥቁር ነው፤ ባሪያ ያልሆነ፣ ነፃ ሰው። በጦርነቱ ዘመን በአማፅያኑ ወገን 5,000 ያህል ጥቁሮች ተዋግተዋል። ታሪክን «እነዚህ ጥሩ፣ እነዚያ ክፉ» ብለው ሊከፍሉት ለሚቸኩሉ ልጆች የፍሎራን ነገር ሆን ብዬ ነው ያነሳሁላቸው።

ክፍለ ጦሩን የጨረሰው ግን ጥይት አይደለም፤ ፈንጣጣ ነው። በመርከብ ላይ ታጭቀው፣ በኋላም ግዊን በምትባል ደሴት ሰፍረው እንዳሉ በሽታው ብዙዎቹን በላቸው። ደንሞር በ1776 ክረምት ከቨርጂኒያ ለቅቆ ሲሄድ አብረውት የተሳፈሩት 300 ያህል ናቸው።

እንግዲህ የልጁ ጥያቄ፦ ለምን «ኢትዮጵያ»? ከመሃላቸው አንድ እንኳ ከእኛ አገር የሄደ የለም። አባቶቻቸው ከጋምቢያ፣ ከአንጎላ፣ ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ የተጫኑ ናቸው። ስሙ የመጣው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ኤርምያስ «በውኑ ኢትዮጵያዊ መልኩን ይለውጥ ዘንድ ይችላልን?» ይላል፤ ስለዚህ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ጥቁሩን ሁሉ «ኢትዮጵያዊ» ሲል ኖሯል። አባቴ ዳዊት ደጋሚ ነበር። «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር» ሲል ድምፁ ከፍ የሚልባት ቦታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች። ያችኑ ጥቅስ አሜሪካ ያሉ ጥቁር ክርስቲያኖች ስለ እነሱ የተጻፈች አድርገው ያዟት። አባቴ ይህን ቢሰማ ኖሮ ምን ይል ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ውጤቱን ለክፍሉ የነገርኩት ውጭ ነው። ቀኑ ጥሩ ነበር፤ ጉሙ ገለጥ ብሏል። የድሮው ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ያለበት ጉብታ ላይ አወጣኋቸው። መግለጫው የጸደቀበትን ጁላይ 4 ቀን 1776 ወደ እኛ ቀን ስመልሰው ሰኔ 29 ቀን 1768 ሆነ። (ያኔ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ከዛሬው በሁለት ቀን ያንሳል።) ያን ጊዜ ሸዋን የሚገዛው መርዕድ አዝማች አስፋ ወሰን ነው፤ ያን ሰሞን እዚህ ክረምቱ እየገባ ነበር። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ደስ ያላቸው «ስማችን እዚያ ድረስ ደርሷል» በሚለውም ነበር፤ ጭብጨባም ተሰማ።

እኔ ግን ቁልቁል እንዲያዩ ነገርኳቸው። ከዚያ ጉብታ ላይ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ለሚያይ የአልዩ አምባ አገር ከእግሩ ሥር ነው። ከዚያ በይፋት በኩል እስከ ታጁራ የሚሄደው የሲራራ መንገድ ጨው ወደ ላይ ያመጣ ነበር፤ ወደ ታች ደግሞ ሰው ይወስዳል። ከአልዩ አምባ አጠገብ አብዱል ረሱል የሚባለው ቦታ የሰው ገበያ ነበር። የእንግሊዝ መልእክተኞች በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጡም በዚሁ መንገድ ነው የወጡት። የአገራችን ስም በቨርጂኒያ የሸሹ ባሮች ክፍለ ጦር መጠሪያ ሆኖ ሳለ፣ እኛ እዚህ ሰው እንሸጥ ነበር። ይህን ሳልናገር ጭብጨባውን ብቻ ተቀብዬ ወደ ክፍል ብመልሳቸው ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጌ ታሪክ አስተምራለሁ?

ዝም አሉ። ከታች የመጣው ያው ልጅ «ለእኛዎቹስ ማን አወጀላቸው?» አለኝ። ነገሥታቱ የሰው ንግድ እንዲቀር በየጊዜው ማወጃቸውን፣ ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሻረው ግን በ1934 ዓ.ም. መሆኑን ነገርኩት። ጣቶቹን እየቆጠረ «አያቴ ተወልዷል» አለ።

ከዚያ ስለ ሃሪ ነገርኳቸው። ሃሪ ጋምቢያ ወንዝ አካባቢ የተወለደ ነው። በ1763 የገዛው ሰው ጆርጅ ዋሽንግተን ይባላል፤ ኋላ የአማፅያኑ ጦር አዛዥ፣ ቀጥሎም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆነው። ሃሪ በ1771 ጠፋ። ዋሽንግተን ገንዘብ ከፍሎ አስፈልጎ አስመለሰው። ጌታው ነፃነት ለማምጣት በዘመተበት ጊዜ፣ በ1776፣ ሃሪ ሁለተኛ ጠፍቶ ወደ እንግሊዞቹ ገባ። ያን ዓመት የወጣው መግለጫ በንጉሡ ላይ ከደረደራቸው ክሶች አንዱ «በመሃላችን አመፅ አስነሳብን» የሚል ነው። እነ ሃሪ ማለት ናቸው። መግለጫውን ያረቀቀው ጄፈርሰን በረቂቁ ላይ የባሪያ ንግድን የሚያወግዝ አንቀጽ ጽፎ ነበር፤ የቅኝ ግዛቶቹ ጉባኤ ሰረዘው። ጄፈርሰን ራሱም ባለ ባሪያ ነው።

እንግሊዝ ስትሸነፍ በ1783 ሃሪ ከኒውዮርክ በመርከብ ዛሬ ካናዳ ውስጥ ወዳለችው ኖቫ ስኮሺያ ተወሰደ። ከሌሎች 3,000 ያህል ጥቁሮች ጋር ስሙ በመዝገብ ሰፍሯል። ኖቫ ስኮሺያ ብርዱ ጠና፣ መሬቱም ድንጋይ ሆነ። በ1792 ከ1,000 በላይ ሆነው ወደ አፍሪካ ተመለሱ፤ ሴራሊዮን ውስጥ ፍሪታውንን መሠረቱ። ሃሪም እርሻ ያዘ። ብዙም ሳይቆይ የሚያስተዳድራቸው የእንግሊዝ ኩባንያ የመሬት ግብር ጣለባቸው። «መሬቱ ያለ ግብር ነው የተባልነው» አሉ። ኩባንያው አልሰማም። በ1800 አመፁ። ኩባንያው አመፁን አፍኖ መሪዎቹን ለፍርድ አቀረበ፤ ሃሪ ዋሽንግተንም ከወንዙ ማዶ ወዳለው ቡሎም ጠረፍ ተጋዘ።

ከጉብታው ስንወርድ ልጁ ከጎኔ ሆነ። ማዳበሪያው ጀርባው ላይ የለም፤ አርብ ስለነበር ስንቁ አልቋል፤ ከዚያው ቀጥታ ወደ ቤቱ ነው የሚወርደው።

«ዋሽንግተን መቼ ሞተ?» አለኝ።

«በ1799 ዲሴምበር።»

ትንሽ ሄደና ቆመ። «ታዲያ የሃሪን አመፅ አልሰማም።»

«አልሰማም» አልኩት። «ዓመት እንኳ አልቀረውም ነበር።»